ጠላቴ ጥሩወርቅ

ልጅ እያለሁ አንዲት ጠላት ነበረችኝ። ሌላው ልጅ ጓደኛውን ለማግኘት ሲነሳ እኔ እሷን ለማናደድ እነሳ ነበር። ስሟ ጥሩወርቅ ይባላል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከአንድ ሠፈርና ከአንድ ክፍል፣ በኋላም ከአንድ የቴኒስ ሜዳ ነው የወጣነው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት በራኬት ስለሆነ ሰዎች ዛሬም «ማን አስጀመረሽ? ማን አበረታታሽ?» ይሉኛል። እንድጠራላቸው የሚጠብቁት የአንድ ደግ ሰው ስም ነው። ደግ ሰው አልነበረም። እኔን ሜዳ ያስገባኝ ጥላቻ ነው።

ጠላት ስል የልጅነት ኩርፊያ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ኩርፊያ አልነበረም። ነገሩ ከእኛ በፊት፣ ከአባቶቻችን ነው የመጣው። አባቴ ካሴ ከከተማው ዳር፣ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአባቱ የወረሰው የበርበሬ መሬት ነበረው። የመንገድ ሥራ ኩባንያ መጣና ለሠራተኞቹ ካምፕ የሚሆን ቦታ ሲፈልግ ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈ። ለአባቴ ካሳ ተሰጠው፤ በካሳው ጥንድ በሬ ገዛ፤ በሬዎቹን በቀጣዩ ክረምት በሽታ ፈጃቸው። ፈረንጆቹ ደግሞ ቤታቸውን ሠርተው አጥራቸውን አጥረው ሲያበቁ፣ በተረፋቸው ሲሚንቶ የመሬቱን እምብርት ለብጠው የቴኒስ ሜዳ አደረጉት። «መድፍ እንኳ ቢተክሉበት ቁጭቴ ይበርድ ነበር» ይል ነበር አባቴ፤ «ጨዋታ ተከሉበት!»

መንገዱ አልቆ ፈረንጆቹ ሲወጡ ካምፑ የወረዳው ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ቁልፉን የያዙት የጥሩወርቅ አባት ዘበኛው አያ ሞላ ነበሩ። አያ ሞላ የሰው ንብረት ሲጠብቁ ኖረው ኖረው የራሳቸው የሚመስላቸው ዓይነት ሰው ነበሩ። አባቴ መሬቱ እንዲመለስለት ከስሶ ዓመታት ሲመላለስ፣ ለወረዳው ምስክር ሆነው የቆሙት እሳቸው ናቸው። «መሬቱ ጠፍ ነበር፤ በርበሬ የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁበትም» ብለው ማሉ። አባቴ ተረታ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ መንገድ አይተላለፉም፤ አንዱ ቅዳሴ በላይኛው በር ከገባ ሌላው በታችኛው ይገባል። እኔ ታላቅን ማክበር ተገርፌ የተማርሁ ልጅ ስለሆንሁ አያ ሞላን እስከ ዛሬ አንቱ እያልሁ ነው የምጠላቸው።

ሜዳውን ገና ሳልገባበት ነው ያወቅሁት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ቁሜ። ፀሐይ ያጋለው ሲሚንቶ ላይ የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድበት የሚወጣው ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። በታኅሣሥ ደግሞ ከጎረቤት አውድማ የሚመጣው የተሰጣ በርበሬ ያስነጥሰን ነበር። በስንጥቁ ውስጥ ሰርዶ ይበቅላል፤ አያ ሞላ በቢላ እየፋቁ ያወጡታል። ሌሎቹ የሠፈር ሴት ልጆች መንገድ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ጥሩወርቅ ብቻዋን ከአጥሩ ውስጥ ኳስ ከግንብ ጋር ትማታለች። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ትተውላት የሄዱ እውነተኛ ራኬትና ነጭ ባርኔጣ ነበራት። ባርኔጣው ለራሷ ይሰፋታል፤ በጆሮዎቿ ነበር የምትይዘው። በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት ዓይኔን ታይና ወደ ቀዳዳው ኳስ ትልካለች። ሳት ብሏት አያውቅም።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ አዲስ የስፖርት መምህር መጣልን፤ መምህር ጌታነህ ይባላል። ኮሌጅ እያለ ቴኒስ ተምሮ ኖሮ፣ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ጅማታቸው የላላ ራኬቶች ፈልጎ አገኘና ወረዳውን አስፈቅዶ ክፍላችንን ወደ ሜዳው ወሰደን። አያ ሞላ በሩ ላይ ቁመው ልጆቹን አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ዱላቸውን አግድም ዘረጉብኝ።

«የካሴ ልጅ አትገባም።»

መምህሩ ደነገጠ። «ምነው አያ ሞላ? ተማሪዬ ናት እኮ።»

«ተማሪህ ትሁን! አባቷ ‹ይኸን ሜዳ በዶማ እፈልጠዋለሁ› ብሎ ዝቷል። ዛሬ እሷን ልኮ ነገ ዶማውን ይዞ ቢመጣሳ?»

«የያዘችው እርሳስ ነው፣ አያ ሞላ።»

ልጆቹ ሳቁ። አያ ሞላ አልሳቁም። ዱላቸውን ያነሱልኝ መምህሩ ወረዳ ሄዶ እንደሚናገር ከዛተባቸው በኋላ ነው። ገብቼ ያንን ሲሚንቶ በእግሬ ረገጥሁት። መምህሩ ሁለት ሁለት አድርጎ ሲያሰልፈን ከመረቡ ማዶ የቆመችው እሷ ሆነች። የመጀመሪያዋ ኳስ ደረቴን መታችኝ። ሁለተኛዋም እንዲሁ።

«ውጭልኝ ከአባቴ ሜዳ» አለችኝ፣ መምህሩ ዘወር ሲል።

«የቆምሽው የአባቴ በርበሬ ላይ ነው።»

ዝቅ ብላ ሲሚንቶውን አየችና ቀና አለች። «በርበሬው የታለ?»

ያን ቀን ማታ አናጺው አጎቴ ጋ ሄጄ ከጣውላ መምቻ አስጠረብሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የግንብ ጊዜ ነው። ሜዳው የሚከፈተው በስፖርት ክፍለ ጊዜና ቅዳሜ ብቻ ስለነበር፣ ሌላውን ቀን ከገበያው ጀርባ ባለው የእህል መጋዘን ግንብ ላይ ኳስ ስመታ እውል ነበር። ነጋዴው ሐጂ ሰይድ አንድ ቀን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወጥተው አዩኝና፣ «የኔ ልጅ፣ ግንቡ ምን በደለሽ?» አሉኝ። «ግንቡ አይደለም፣ ሐጂ» አልኋቸው። ጥቂት አይተውኝ፣ «እንግዲያው የበደለሽን አላህ ይርዳው» ብለው ተመለሱ።

አባቴ ሜዳ መዋሌን ሲሰማ ማጀት ገብቼ ነበር የጠበቅሁት። የጠየቀኝ እራት ላይ ነበር።

«የት ትውያለሽ?» አለኝ።

«ሜዳ።»

«የቱ ሜዳ?»

እናቴ ድስቱን ይዛ ቆመች። እኔ መሬት መሬት እያየሁ «የአያ ሞላን ልጅ ላሸንፋት ነው» አልሁ።

የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። «ማሸነፍ ማለት እንዴት ነው? ትማታላችሁ?»

«ኳስ ነው የምንማታ፣ አባባ።»

«ታለቅሳለች?»

«ታለቅሳለች።»

«እንግዲያው ሂጅ» አለና እጁን ወደ ትሪው መለሰ። እናቴ ድስቱን እያስቀመጠች፣ «የአባት ዕዳ ለልጅ ሲሉ መሬቱን መስሎኝ፤ ጠቡንም ኑሯል» አለች ለራሷ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አባቴ ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥ ጀመር። አያ ሞላ ከአጥሩ ውስጥ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይንጎራደዳሉ። አባቴ የጨዋታውን ሕግ እስኪሞት ድረስ አላወቀውም። እኔ ጥሩ ስመታ ዝም ይላል፤ ጥሩወርቅ ስትስት ያጨበጭባል። አያ ሞላም በተራቸው እኔ ስስት ፊሽካ ይነፋሉ። ማንም ልጅ እንደዚያ ሁኖ ጨዋታ ሊማር ይገባል አልልም። የተማርነው ግን እንደዚያ ነው። መረብ ላይ ኳስ የመታ ሁሉ ጠላቱን ደስ ያሰኛል፤ ስለዚህ መረብ ላይ መምታት ተውን።

ስድስተኛ ክፍልን በጥፊና በፀጉር መጎተት፣ ሰባተኛን ጭራሽ ባለመነጋገር ጨረስነው። እሷ ከእኔ ትበልጥ ነበር። ይህን ዛሬ መጻፍ አልከበደኝም፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ቢነግረኝ እነክሰው ነበር። ኳሷ ዝቅ ብላ መረቡን ልትነካ ስትል ታልፋለች፤ የምትመታበት ክንዷ ከመምታቷ በፊት ምንም አይናገርም። እኔ ያለኝ ሩጫ ነው። የትም ብትልካት እደርስባታለሁ። «ዝንብ» ትለኛለች። እኔም «ዘበኛ» እላታለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስንሆን መምህር ጌታነህ ሁለታችንን ይዞ ቡሬ ለውድድር ወሰደን። ያሸነፈች ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ እዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ክለብ ልጅ ሊመርጡ የሚመጡ ሰዎች አሉ ተባለ። በአይሱዙ ጭነት ላይ ነው የሄድነው። አባቴ ከፊት፣ አያ ሞላ ከኋላ፣ መምህሩ መሐል፤ እኛ በግራና በቀኝ። መምህሩ እናቱ የሰጠችውን ቆሎ ያዞራል። አባቴ አያ ሞላ ከዘገኑበት ከረጢት አልዘግንም አለ። አያ ሞላም ይህን ሲያዩ አፋቸው ውስጥ ያለውን ወደ መንገዱ ተፉት። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ እስክንገባ ያንን ቆሎ የበላው ረዳቱ ብቻ ነው።

ቡሬ ላይ የጠበቀን ሜዳ በኖራ የተሠመረ የትምህርት ቤት ሜዳ ነበር። ነፋስ አለ። አቧራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። የቡሬ ልጆች የራሳቸው ተጫዋች ጧት በእኔ ስለተሸነፈች እኛን ሁለታችንንም ጠምደውናል፤ «ፍኖተ ሰላሞች፣ አንዳችሁ ሌላዋን ግደሉልን!» እያሉ ይጮሃሉ። ባይነግሩንም የመጣነው ለዚሁ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር እሷ ወሰደች፤ ሁለተኛውን እኔ። በመጨረሻው ዙር እኩል ለእኩል እየተናነቅን ሳለ ከሜዳው ጥግ አንዲት ኳስ መታሁ፤ ዘመኔን ሙሉ እንደዚያች ያለች ኳስ ብዙ አልመታሁም። ነጥቡ ትልቅ ነበር። ኳሷ የወደቀችው ኖራውን ነፋስ የጠረገው ቦታ ላይ ነው። ዳኛው አጎንብሶ አየ፤ ራሱን አከከ።

አያ ሞላ ከተመልካቹ መሐል ተስፈንጥረው ወጡ። «ውጭ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

አባቴም ተነሣ። «አንተ ምን ታያለህ! በርበሬ ያላየ ዓይን ኳስ ያያል?»

ታሪኩን የማያውቅ ሰው እንኳ ሳቀ። አያ ሞላ ግን ያውቁታል። ዱላቸውን አነሡ። አባቴ ጋቢውን ጣለ። ሁለት ሽማግሌዎች ሊባሉ የደረሱ ሰዎች በመሐል ሜዳ ተያያዙ፤ መረቡን ይዘውት ወደቁ፤ የቡሬ ልጆች በደስታ አበዱ። ሚሊሻዎች መጥተው አላቀቋቸውና ለየብቻቸው እየገፉ ወሰዷቸው። የአባቴ ጋቢ አቧራው ላይ ቀረ። ዳኛው ላቡን እየጠረገ «ተሰርዟል! ሁለቱም ተሰርዘዋል! ይኸ ውድድር ነው፣ የገበያ ጠብ አይደለም!» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። መምህር ጌታነህ እየለመነ ተከተለው።

እኔና እሷ በወደቀው መረብ ግራና ቀኝ ቀረን። በሕይወቴ አባቴን የጠላሁበት ቅጽበት ቢኖር ያ ነው። እሷም ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ባርኔጣዋን አውልቃ አቧራውን በጉልበቷ ላይ አራገፈች።

«ኳሷ ገብታለች» አለችኝ።

«ምን?»

«ገብታለች አልሁሽ። አይቻታለሁ። ነጥቡ የአንች ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን አስተነፈሰኝ? እነሱ ናቸው ሲያወሩ የዋሉ!» አለችና መረቡን በአንድ ጫፍ አነሣች። «ያዥው። እንጨርስ።»

«ተሰርዘናል እኮ።»

«እኔ አንችን አሸንፌ ነው እንጅ ተሰርዤ ቤቴ አልገባም። ፈርተሽ ከሆነ ሂጅ።»

መረቡን ተከልነው። ዳኛ በሌለበት፣ አባት በሌለበት ጀመርን። ኳስ ስትወድቅ የወደቀችበት ጎን ያለችው ትጠራለች፤ «ገብታለች»፣ «ወጥታለች»። አንድም ጊዜ አልዋሸችም። እኔም አልዋሸሁም። ደግነት እንዳይመስላችሁ። በተሰረቀ ነጥብ ካሸነፈችኝ እኔ ነገ «ሰርቃ ነው» እላለሁ፤ እሷ ደግሞ ይህን አፌን ነው ለዘላለም መዝጋት የፈለገችው። የቡሬ ልጆች መጀመሪያ ሊስቁ ተመልሰው መጡ። ቀስ በቀስ ጩኸታቸውን አቆሙ። በመጨረሻ የራኬትና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዳኛውም ከመምህር ጌታነህ ጋር ሲመለስ አየሁት፤ ወረቀቱን እንደገና ዘርግቶ ጥግ ላይ ቆመ።

አሸነፈችኝ። የመጨረሻዋን ኳስ ሮጬ ደርሼባት ነበር፤ የመምቻዬን ጫፍ ነክታ ወደ ሰማይ ወጣች። እጅ አልተጨባበጥንም። በአጠገቤ ስታልፍ ቀስ ብላ «አሁን አልቅሽ» አለችኝ። አይሱዙው ላይ እስክንወጣ ቻልሁት፤ ከዚያ በኋላ አልቻልሁም።

ሚሊሻዎቹ አባቴን ሲለቁት ጋቢውን ከአቧራው አንሥቼ ሰጠሁት። ቤት ስንደርስ ነው፣ የተቀደደ ጋቢውን እንደ ለበሰ፣ «አለቀሰች?» ያለኝ።

«አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስሁ።»

የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ገና ነው» አለና እግሩን ሊታጠብ ወጣ።

ጥሩወርቅ ባሕር ዳር ሄደች፤ ከዚያም አዲስ አበባ ክለብ ወሰዷት። ሠፈራችን ጸጥ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አያ ሞላ በሩን ለእኔ ይከፍታሉ፤ ከወረዳው ታዘዋልና። እኔ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ ሰርቭ፣ ያቺን የጨዋታ መክፈቻ ኳስ፣ እመታለሁ፤ እሳቸው ዞር ብለው ይቀመጣሉ። በቀጣዩ ዓመት ቡሬን ያለ ችግር አሸነፍሁና ወደዚያው ክለብ ተጠራሁ። ሻንጣዬን ተሸክሜ የሴቶቹ ማደሪያ በር ላይ ስደርስ ጥሩወርቅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የራኬት እጀታ እየጠቀለለች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «ዘገየሽ» አለችኝ። ሌላ ቃል ለወራት አልተናገረችኝም።

ስለ ቴኒስ ተጫዋችነት ሰው የሚያስበው ነጭ ቀሚስና ጭብጨባ ነው። የእኛው እንዲህ አልነበረም። የተበጠሰ የራኬት ጅማት የምንቀይርበት ስናጣ እየቋጠርን መጫወት፣ ክረምት ሜዳው ውኃ ሲቋጥር በመጥረጊያ እየገፉ ማድረቅ፣ ሀብታሞች ጨርሰው እስኪወጡ ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ያም ሁኖ በአገር ውስጥ ፍጻሜ ላይ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የሚገናኙት የፍኖተ ሰላም ልጆች ነበሩ። አንዴ እሷ፣ አንዴ እኔ። ብዙውን ጊዜ እሷ። ጋዜጠኛ መጥቶ «እንደ እህትማማች ናችሁ አይደል?» ሲላት «ጎረቤቴም አይደለችም» አለችው። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ዋንጫዬን ስወስድባት ወደ ቤት ስልክ ደወልሁ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ አሁንም «አለቀሰች?» አለኝ። ዘወር ብዬ አየኋት። የልብስ መቀየሪያው ጥግ ላይ ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ይነቃነቃል። «አዎ፣ አባባ» አልሁት። ምን እንዳለኝ አልሰማሁም፤ ስልኩ ተቋርጦ ነበር።

ናይሮቢ ለውድድር ስንሄድ አሠልጣኙ ጥንድ አድርጎ አስገባን። ሁለታችንም እምቢ አልን፤ «እንግዲያው ሻንጣችሁን አንሡ» አለ። በየነጠላው ጧት ተሸንፈን ወጥተን ነበር፤ የውጭ አገር ልጆች ኳስ የሚመቱት ሌላ ሥራ ሠርተው እንደማያውቁ ሁሉ ነው። ከሰዓት በጥንድ ገባን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ግን የት እንደምትመታ አውቃለሁ፤ የት እንደምሮጥ ታውቃለች። አሥር ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አላጠናንም። አሸንፈን ስንወጣ ከማዶ ያሉት ልጆች መጥተው አቀፉን። እኛ በመሐላችን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ትተን ወደ ሆቴላችን ሄድን።

ትከሻዋ የተበጠሰው አዲስ አበባ ፍጻሜ ላይ፣ እየመራችኝ ሳለ ነው። ሰርቭ ልትመታ እጇን ስታነሣ ድምፁን ከዚህ ማዶ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ። ራኬቷ ወደቀ። ዳኛው አሸናፊ ብሎ ስሜን ጠራ። ወደ መረቡ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ መጨበጥ ፈልጌ ነበር። በግራ እጇ ቀኟን ደግፋ፣ «ይኸን አሸነፍሁ ብለሽ ብታወሪ እሰማለሁ» አለችኝ። አላወራሁም። ያንን ዋንጫ ክለቡ ውስጥ ትቼው ሄድሁ። እሷ ወደ ሜዳ አልተመለሰችም።

እሷ ከወጣች በኋላም ብዙ ተጫወትሁ። ብዙ አሸነፍሁ። ከማዶ የምትቆመው ልጅ ስትስት «ይቅርታ» ትለኛለች፤ እኔ ስመታ «ጎበዝ» ትለኛለች። ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ እንዲህ ቆየሁና ማስተማር ጀመርሁ። አያ ሞላ በመሐሉ ሞቱ። አባቴ ቀብራቸው ላይ ተገኘ። «መሞቱን በዓይኔ ልይ ብዬ ነው» አለ ለሚጠይቀው ሁሉ፤ እናቴ እንደነገረችኝ ግን አፈር ሲመለስ እስከ መጨረሻው ቆሞ፣ ከሰዉ ሁሉ በኋላ ነው የተመለሰው። እሱም ብዙ አልቆየ። ሜዳው ተፈልጦ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሁኗል። ከሁለቱ ቤት ለማንም አልሆነም።

ባለፈው፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን፣ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ አንድ ጧት ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድሁ። ጥሩወርቅ እዚያ አግብታ ብርድ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ እንደምትሸጥ ሰምቼ ነበር። ሱቋን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ባንኮኒው ኋላ ቁማ በግራ እጇ ጨርቅ ትለካለች።

«ምን ልስጥሽ?» አለችኝ፣ አንድም ቀን አይታኝ እንደማታውቅ።

«ላይሽ ነው የመጣሁ።»

«አየሽኝ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ጨርቁን አጠፈችው። «ወፍረሻል።»

«አንችም አልከሳሽ።»

«እኔ ተቀምጬ ነው። አንች እየሮጥሽ ነው የወፈርሽ። አሁን ማንን ትመችያለሽ?»

«አስተምራለሁ።»

«አይ!» አለችና ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ትከሻዬ ባይከዳኝ ዋንጫ የሚባል ነገር በእጅሽ አትነኪም ነበር።»

«ትከሻሽ ደህና ሳለ ነክቻለሁ።»

«መቼ?»

ነገርኋት። አንዱን ዋንጫ ስነግራት አፈረሰችው፤ ሁለተኛውን አነሣሁ። የልብስ ሰፊ ጠመኔ አንሥታ ባንኮኒው ላይ ሜዳ ሠመረች፤ የት ቁሜ እንደ ነበር፣ የት ቁማ እንደ ነበር፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ሳይቀር ታስታውሳለች። እኔ የረሳኋቸውን ጨዋታዎቼን እሷ አልረሳቻቸውም። አንድ ሽማግሌ ገብተው «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ብርድ ልብስ ነበር» ሲሉ፣ «ቆዩኝ አባ፣ ነገር ይዣለሁ!» አለቻቸው። ባሏ ሁለት ለስላሳ ይዞ ከጓዳ ወጣ። «ለሷ አትስጣት» አለችው። እሱ ሁለቱንም ከፍቶ አስቀመጠልን። አንዱ ደረሰኝ፤ ጠጣሁት።

በመጨረሻ ሁለታችንም ያልለቀቅናት የመጀመሪያ ዋንጫዬ ቀረች። ይኸችስ የማትፈርስ መሰለችኝ።

«ያን ቀን ያሸነፍሽኝ አንች አይደለሽም» አለችኝ ጠመኔውን ጥላ። «ወባ ናት። ከአዋሽ ጨዋታ ተመልሰን ወባ ይዞኝ ነበር። ቁሜ መሄዴም ተአምር ነው።»

እውነት ነው፤ ታምማ ነበር። ቦርሳዬን አነሣሁ።

«ሁለተኛ እንዳትመጭ» አለችኝ በሩ ላይ።

«አልመጣም» አልኋት።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ተማሪዎቼ በስልኬ መልእክት ልከውልኝ አገኘሁ፤ «ኮች ናፍቀሽናል፣ እንወድሻለን» የሚል፣ በልብ ሥዕል የተሞላ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ከጨዋታ በፊት ይተቃቀፋሉ፣ ከጨዋታ በኋላ ይተቃቀፋሉ፣ ወላጆቻቸው ለሁለቱም ወገን ያጨበጭባሉ። እንደ እኛ ይደጉ አልልም፤ ማንም እንደ እኛ አይደግ። ግን አንዳቸውም ያለፈው ሳምንት ጨዋታቸው እንዴት እንዳለቀ ብጠይቃቸው አያስታውሱም። የእኔን ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ ሳይቀር የምታውቅ ሴት ቡሬ ላይ ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ ዓይኔን ማየት አትፈልግም።

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና በመስኮቱ ማየት ጀመርሁ። ደብረ ማርቆስ ልንገባ ስንል ነው ትዝ ያለኝ። ከአዋሽ የተመለስነው አብረን ነው። ነርሷ ማደሪያችን ድረስ መጥታ፣ አልጋና አልጋችን መሐል ቁማ፣ ከአንድ ብልቃጥ ነበር ኪኒን ያዋጠችን። እኔም ወባ ይዞኝ ነበር! ያን ቀን ሁለታችንም ትኩሳት ይዘን ነው የተጫወትነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች፤ እያወቀች ነው ዓይኔን እያየች ያንን ያለችኝ።

ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት መነኩሲት «ምነው ልጄ?» ብለው ዞሩ። እኔ ግን ቦርሳዬን ይዤ ተነሥቼ ነበር፤ ሹፌሩን አውርደኝ ልለው።